ጎመን በጤና፤ የጓሮ አትክልት ለሕፃን፣ ለጎልማሳና ለሽማግሌ ስለሚሰጠው የሥጋና የልቡና ጥቅም

አባቶቻችን «ጎመን በጤና» ብለው የተናገሩት ቃል ብዙ ጊዜ የሚተረጐመው፣ ጮማ እየበሉ በሥጋት ከመኖር ጎመን እየበሉ በሰላም መኖር ይሻላል ተብሎ ነው። ነገር ግን ቃሉን አገላብጦ ለሚመለከት ሰው ሌላ ቁም ነገር ይገኝበታል፤ ይኸውም ጎመኑ ራሱ የጤና ምክንያት መሆኑ ነው። ይህም በመብላቱ ብቻ አይደለም። ጎመኑን ለማብቀል መሬት መቈፈር፣ ዘር መዝራት፣ ውኃ ማጠጣት፣ አረም መንቀል፣ የተተከለውንም በየጧቱ ወጥቶ መጐብኘት ለሥጋ ብርታትን፣ ለልቡናም ዕረፍትን የሚሰጥ መሆኑን በዘመናችን ያሉ ሐኪሞች መርምረው ደርሰውበታል።

ይህንን ነገር ለክቡራን የአገር አስተዳዳሪዎች፣ ለወረዳ ሹማምንትና ሰፊ ይዞታ ላላቸው ሰዎች ማመልከት ያስፈለገበት ምክንያት ግልጥ ነው። ስለ ጤፍና ስለ ስንዴ፣ ስለ ቡናና ስለ ሰሊጥ ብዙ ይጻፋል፤ ብዙም ይታዘዛል። ከቤት ኋላ ስላለችው ጠባብ መሬት ግን የሚያስብ ጥቂት ነው። ወደ ውጭ አገር የሚላክ አዝመራ አትሰጥም፤ ስለዚህ ቦታ ሲጠብ መጀመሪያ የምትቈረሰው እርስዋ ናት። በከተማ የኪራይ ክፍል ይሠራባታል፤ በገጠርም በብዙ ስፍራ ጫቱና ባሕር ዛፉ እስከ ደጃፍ ድረስ እየገባ ጎመኑንና ዱባውን አስወጥቶታል። ጓሮ በጠፋበት ቤት ግን የጠፋው ወጥ ብቻ አይደለም፤ ሕፃኑ የሚያድግበት፣ ጎልማሳው የሚበረታበት፣ ሽማግሌውም የሚጽናናበት ስፍራ አብሮ ጠፍቷል። ይህንኑ ከዚህ ቀጥለን በየተራ እናስረዳለን።

፩ የጓሮ ሥራ ለአገራችን እንግዳ እንዳልሆነ

በደቡብ በኩል በሲዳማና በጌዴኦ አገር ቤቱን ከቦ የሚታየው እንሰት ነው። በእንሰቱ መካከል ቡናው፣ ጎመኑና ጎደሬው ይበቅላል፤ ከበረት የሚወጣውም ፍግ ሩቅ ሳይሄድ ወደ ሥሩ ይጨመራል። የጌዴኦ ሕዝብ ዛፉንና እንሰቱን ቡናውንም ባንድነት እየተከለ በተዳፋት ምድር ላይ የኖረበት ጥበብ ተመስክሮለት፣ በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በዓለም ቅርስ መዝገብ ጽፎታል። የኮንሶም ሰው ሽፈራው የተባለውን ዛፍ በግቢው ተክሎ ቅጠሉን ይመገባል። በሰሜኑ ደጋ ደግሞ ጌሾና ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም፣ በሶብላና ዳማ ከሴ ከጥንት ጀምሮ የግቢ ተክሎች ናቸው።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1927 የሩሲያው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ወደ አገራችን መጥቶ ዘር ሰበሰበ፤ ኢትዮጵያም የብዙ አዝርዕት ልዩ ልዩ ዐይነት ከሚገኝባቸው የዓለም ስፍራዎች አንዲቱ መሆንዋን ጻፈ። እንግዲህ ዘሩ አለ፤ ጥበቡም አለ። የጐደለው ጥበቃና አሳቢ ነው።

፪ ስለ ሕፃናት

በ2011 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት ከመቶው 37ቱ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚገባው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ የቁመት ማነስ የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ምግብ የጐደለበት ሕፃን በአካሉም በአእምሮውም ይጐዳል፤ በትምህርቱ ይዘገያል፤ ካደገም በኋላ ለሥራ ያለው ጉልበት ያነሰ ይሆናል። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የንጹሕ ውኃ እጦት፣ ተደጋጋሚ ተቅማጥና የእናቲቱ ድካም ሁሉ ይገቡበታል። ነገር ግን አንዱ ምክንያት የምግቡ ዐይነት አንድ ብቻ መሆኑ ነው። ሆዱ በእንጀራና በቂጣ የጠገበ ሕፃን እንኳ ሰውነቱ የሚሻውን ሁሉ አላገኘም።

ለምሳሌ ያህል፣ ቫይታሚን ኤ የተባለው ንጥረ ነገር በጐደለበት ሕፃን ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ዐይን የሚያግደው ዳፍንት ይነሣበታል፤ ጕድለቱ ከበረታም ዐይኑ ፈጽሞ ሊጠፋ ይችላል፤ በኵፍኝና በተቅማጥም ቶሎ ይሸነፋል። የዚህ ጕድለት መድኃኒት ከሚገኝባቸው ስፍራዎች አንዱ ጓሮ ነው። በጥቍር አረንጓዴ ጎመንና በቆስጣ፣ በዱባ፣ በካሮትና ሥጋው ብርቱካን በሚመስል ስኳር ድንች ውስጥ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ነገር ይገኛል። ይህም በሰውነት በደንብ እንዲዋሐድ በማብሰያው ጊዜ ጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ መጨመር ያስፈልጋል። ሕፃኑም ስድስት ወር ከሞላው በኋላ ከጡቱ ጋራ ጎመኑና ዱባው እየተፈጨ በገንፎው ውስጥ ሊሰጠው ይገባል።

ሁለተኛው ጥቅም ፀሐይ ነው። በጨርቅ ተጠቅልሎ ከቤት ሳይወጣ የሚያድግ ሕፃን፣ የፀሐይ ብርሃን በሰውነት ውስጥ የሚሠራው ቫይታሚን ዲ ይጐድልበትና አጥንቱ ይለምጣል፤ እግሩ ይንጋደዳል። እናቱ በጧት ወደ ጓሮ ስትወጣ ይዛው ብትወጣ፣ ያለ ምንም ወጪ ይህን ደዌ ትከላከልለታለች።

ከፍ ላሉት ልጆች የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 በአውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ፣ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በየቀኑ በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነቱን ማንቀሳቀስ እንደሚገባው አመልክቷል። ውኃ መቅዳት፣ መኮትኮትና አፈር ማመላለስ የዚህ እንቅስቃሴ ክፍል ነው። ደግሞም ልጅ ገበታ ላይ ሲቀርብለት የሚገፋውን ቅጠል፣ ራሱ የዘራው ሲሆን ለመቅመስ ይቸኩላል። ትዕግሥትንም የሚማረው ከዚሁ ነው፤ ዘር በቍጣና በልቅሶ አይበቅልምና።

ነገር ግን በትምህርት ቤት ስለሚሠራው አትክልት አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ያረፈደውንና የረበሸውን ተማሪ ዶማ አስይዞ ማስቈፈር በብዙ ስፍራ የተለመደ ነው። በዶማ የተቀጣ ልጅ ግን ዶማን ጠልቶ ያድጋል። መሬት መቈፈር የውርደት ምልክት መስሎ የታየው ሰው፣ ትምህርቱን ሲፈጽም ከእርሻ የሚሸሽ እንጂ ለእርሻ የሚያስብ አይሆንም። ስለዚህ የትምህርት ቤት አትክልት የቅጣት ስፍራ እንዳይሆን፣ ፍሬውም የልጆቹ ምሳ እንጂ የመምህሩ ትርፍ እንዳይሆን ሹማምንት ሊከታተሉ ይገባል።

፫ ስለ ጎልማሶች

ገበሬው ከማረሻው ጋራ ሲውል ሰውነቱ ሥራ አልጐደለበትም፤ ለእርሱ የጓሮው ጥቅም በይበልጥ በገበታው ላይ ነው። በከተማ የሚኖረው፣ በተለይም መዝገብ ሲያገላብጥና ጕዳይ ሲሰማ ከጧት እስከ ማታ በወንበር ላይ የሚውለው ሰው ግን ከዚህ የተለየ ነው። ተቀምጦ ይሠራል፤ በመኪና ይመለሳል፤ ማታም ተቀምጦ ይበላል። ከዚህ የተነሣ የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታና የልብ ሕመም በአገራችን ከተሞች እየበዛ ሄዷል። ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ክቡራን ሹማምንት ብዙዎቹ ከዚሁ ወገን ስለ ሆኑ፣ ነገሩ ለሌላ ሰው የተጻፈ አድርገው እንዳያልፉት እንለምናለን።

ከላይ የጠቀስነው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ጎልማሳ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ ድካም ባለው ሥራ እንዲንቀሳቀስ ያዛል። መቈፈርና መኮትኮት በዚህ መጠን ውስጥ የሚቈጠር ሥራ ነው። ስለዚህ በየቀኑ ከቢሮ በፊት ግማሽ ሰዓት በጓሮው የሚሠራ ሰው በሳምንት 210 ደቂቃ ያገኛል፤ የታዘዘውንም ያለ ምንም ክፍያ ፈጸመ ማለት ነው። ይኸው ድርጅት ሰው በየቀኑ ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገብ ይመክራል፤ ድንችና የመሳሰለው ሥር በዚህ ውስጥ አይገባም። ከገበያ ብቻ ገዝቶ ይህን ለቤተ ሰቡ ሁሉ ማሟላት ለብዙ ሰው የማይቻል ስለ ሆነ፣ ጓሮው ሸክሙን ያቀልለታል።

በአሜሪካ አገር በዴንቨር ከተማና በአካባቢዋ የተደረገ ምርመራ ይህን ያጠናክራል። ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት አትክልት ያልሠሩ 291 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው፣ እኩሌቶቹ በኅብረት የሚሠራ የአትክልት ቦታ ተሰጣቸው፤ እኩሌቶቹም ተራቸውን እንዲጠብቁ ተደረገ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2023 እንደ ታተመው ውጤት፣ ቦታ ያገኙት ሰዎች ፋይበር የተባለውን ለአንጀትና ለልብ የሚበጅ የአትክልት ክፍል ከሌሎቹ ይልቅ በቀን 1.4 ግራም ያህል ጨምረው በሉ፤ በሳምንትም 42 ደቂቃ ያህል አብልጠው ተንቀሳቀሱ፤ ጭንቀታቸውም ቀነሰ። ቍጥሩ ታናሽ ቢመስልም፣ ያለ መድኃኒትና ያለ ትእዛዝ ጥቂት መሬት በመስጠት የተገኘ በመሆኑ ለአስተዳዳሪ ትልቅ ትምህርት ነው።

፬ ስለ ሽማግሌዎች

ሰው ሲሸመግል ሁለት ነገር ይወስድበታል፤ አንዱ የጕልበቱ ብርታት፣ ሁለተኛው የሚፈለግበት ሥራ ነው። ጓሮ ግን ሁለቱንም በመጠኑ ይመልስለታል። ጐንበስ ቀና ማለት፣ ባልተስተካከለ መሬት ላይ መራመድና ታናሽ ዕቃ ማንሣት እግርንና ወገብን ያጸናል። የዓለም ጤና ድርጅትም 65 ዓመት የሞላቸው ሰዎች እንዳይወድቁ፣ ሚዛንና ብርታት የሚሰጥ እንቅስቃሴ በሳምንት ሦስት ቀንና ከዚያም በላይ እንዲያደርጉ አመልክቷል።

በአውስትራሊያ አገር ደቦ በምትባል ከተማ 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው 2,805 ሰዎች ለ16 ዓመት ሲጠኑ ከቆዩ በኋላ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ውጤቱ ታተመ። በየቀኑ አትክልት የሚሠሩት ሰዎች በእርጅና አእምሮን በሚያስረሳው ደዌ የመያዛቸው ዕድል ከሌሎቹ በመቶ 36 ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በርግጥ ጤነኛ የሆነ ሽማግሌ ወደ አትክልቱ መውጣትን ከታመመው ይልቅ ይችላልና፣ ይህን ሁሉ ያደረገው አትክልቱ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ቢሆንም የታየው ልዩነት ቸል የሚባል አይደለም።

ከዚህም ሌላ ሽማግሌ በጓሮ ሲሠራ መምህር ይሆናል። የትኛው ጎመን ውርጭ እንደሚችል፣ ዳማ ከሴ ለምን እንደሚበጅ፣ ዘር በምን ወር ተመርጦ እንደሚቀመጥ የሚያውቁ አያቶች ናቸው። የልጅ ልጅ ችግኙን ሲይዝ አያት ጕድጓዱን የሚያሳዩበት ቤት፣ ሽማግሌው ሸክም ነኝ ብለው የማያዝኑበት፣ ልጁም ያለ ጽሕፈት የሚማርበት ቤት ነው።

፭ ስለ ልቡና ዕረፍት

የልቡና ጕዳት እንደ ቍስል በዐይን ስለማይታይ ብዙ ሰው ችላ ይለዋል። ዘመድ ሞቶበት ሐዘኑ ያልለቀቀው፣ ከሥራ ወጥቶ የሚውልበት ያጣ፣ በጦርነትና በመፈናቀል የታወከ ሰው በየወረዳው አለ። እንዲህ ላለው ሰው አትክልት መሥራት የሚረዳ መሆኑ ከተነገረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። አሜሪካዊው ሐኪም ቤንጃሚን ረሽ በ1812 በአውሮፓ አቆጣጠር ባሳተመው የአእምሮ ሕመም መጽሐፍ፣ በሐኪም ቤቱ አትክልት ቦታ የሚቈፍሩ በሽተኞች ሥራ ፈትተው ከሚቀመጡት ይልቅ ሲድኑ መታየታቸውን ጽፏል።

በኔዘርላንድስ አገር የተደረገና በ2011 በአውሮፓ አቆጣጠር የታተመ ፈተና ደግሞ ነገሩን በልኬት አሳይቷል። 30 አትክልተኞች አስቀድመው የሚያስጨንቅ ሥራ እንዲሠሩ ተደረገ፤ ከዚያም እኩሌቶቹ ለ30 ደቂቃ አትክልት እንዲሠሩ፣ እኩሌቶቹም በቤት ተቀምጠው እንዲያነቡ ታዘዙ። በጭንቀት ጊዜ በሰውነት የሚበዛው ኮርቲዞል የተባለው ንጥረ ነገር ከምራቃቸው ሲለካ፣ በሁለቱም ወገን ቢቀንስም በአትክልተኞቹ ላይ የቀነሰው ይበልጥ ነበር፤ የተረበሸው ስሜታቸውም ተመልሶ ረጋ።

ማየቱ ብቻ እንኳ ይረዳል። በአሜሪካ በፔንሲልቬኒያ በሚገኝ አንድ ሐኪም ቤት የሐሞት ከረጢት ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው 46 በሽተኞች መዝገባቸው ተመርምሮ ነበር። በመስኮታቸው ዛፍ ይታያቸው የነበሩት ግንብ ብቻ ይታያቸው ከነበሩት ይልቅ ቀደም ብለው ወደ ቤታቸው ሄደዋል፤ ብርቱ የሕመም ማስታገሻም የወሰዱት ያነሰ ነበር። ይህንን ሮጀር ኡልሪክ የተባሉ ሊቅ በ1984 በአውሮፓ አቆጣጠር አስታውቀዋል።

ምክንያቱን ማስተዋል አያዳግትም። ያዘነ ሰው አሳቡ ባለፈው ነገር ላይ ይታሰራል፤ ችግኝ ግን የነገን ውኃ ይጠይቃል። ሰው የማይፈልገኝ ሆንሁ የሚል ሰው፣ እርሱ ካላጠጣው የሚጠወልግ ነገር እንዳለው ሲያይ ማለዳ የሚነሣበት ምክንያት ያገኛል። ይሁን እንጂ ሕመሙ የበረታበትን ሰው ወደ ሐኪም ማድረስ እንጂ ዶማ ሰጥቶ መተው አይገባም፤ አትክልቱ የሐኪም ረዳት ነው እንጂ የሐኪም ምትክ አይደለም።

፮ ጤና ፍለጋ ወጥቶ በሽታ እንዳይገባ

መጀመሪያ፣ በባዶ እግር አይሠራ። ከእሳተ ገሞራ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመት በባዶ እግር መሥራት እግርን የሚያሳብጥ ዝሆኔ ያመጣል። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በአገራችን መርምረው እንዳስረዱት፣ ይህኛው ዝሆኔ ከአፈሩ የሚመጣ እንጂ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ አይደለም። ጫማ ማድረግና እግርን በየቀኑ በውኃና በሳሙና መታጠብ ይከላከለዋል። በእግር ቆዳ የሚገባው የአንጀት ትልም በዚሁ ይከለከላል።

ሁለተኛ፣ መንጋጋ ቆልፍ የሚባለው ደዌ በአፈርና በፍግ ውስጥ ስለሚኖር፣ አትክልተኛ ሁሉ ክትባቱን ይውሰድ፤ ቢቈስልም ቶሎ አጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሦስተኛ፣ ፍሳሽ በገባበት የወንዝ ውኃ ጥሬውን የሚበላ ሰላጣና ቲማቲም አይጠጣ። በቆላም የማይንቀሳቀስ ውኃ እንዳይጠራቀም ይጠበቅ፤ የወባ ትንኝና የቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣ በዚያ ይራባሉና። አራተኛ፣ የተባይ መግደያ መድኃኒት ከልጆች ይራቅ፤ ዕቃው ባዶ ቢሆንም ለውኃና ለዘይት መያዣ አይደረግ።

፯ ከሹማምንት የሚጠበቅ

የመኖሪያ ቦታ ሲመራ ለጓሮ የሚሆን መሬት በፕላኑ ላይ ይለይ፤ ዐሥር ክንድ በዐሥር ክንድ የሆነ ቦታ እንኳ በወጉ ከተያዘ ለቤተ ሰብ ብዙ ወጥ ይሰጣል። ቦታ በሌለበት ሰፈር፣ ሥራ ፈት የሆነው የመንግሥት መሬት ለነዋሪዎች በኅብረት ይሰጥ።

በየወረዳው ያለው የችግኝ ጣቢያ የባሕር ዛፍ ችግኝ ብቻ ሳይሆን ጎመን፣ ቆስጣ፣ ብርቱካን መልክ ያለው ስኳር ድንች፣ ፓፓያና የአገሩን መድኃኒት ቅጠል ጭምር ያዘጋጅ። ባሕር ዛፍ ግን ውኃና ምግብ ስለሚሻማ ከጓሮ ራቅ ብሎ ይተከል።

ከሁሉ በፊት ስለ ውኃው ይታሰብ። ውኃ ሩቅ በሆነበት ስፍራ «አትክልት ትከሉ» ብሎ ማዘዝ፣ በእናቶችና በልጃገረዶች ጀርባ ላይ ሌላ ዥሪካን መጫን ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ጕድጓድ ይቈፈር፤ የጣራ ውኃ ይጠራቀም፤ ዕቃ የታጠበበትም ውኃ ለጎመን ይዋል። መቈፈሩንና ማጠጣቱንም ባሎችና ወንዶች ልጆች እንዲካፈሉ ይመከር።

በሐኪም ቤት፣ በአረጋውያን መጠለያ፣ በማረሚያ ቤትና በትምህርት ቤት ግቢ ለአትክልት የሚሆን ስፍራ ይከለል፤ ፍሬውም ለሠሩት ሰዎች ገበታ ይዋል።

በመጨረሻም ሹሙ ራሱ ምሳሌ ይሁን። ሕዝብ ከሹም ቃል ይልቅ የሹምን ደጅ ይመለከታል። የወረዳው ጽሕፈት ቤት ግቢ ደረቅ አቧራ ሆኖ ሳለ ስለ አትክልት የሚሰጥ ምክር ፍሬ የለውም። በግቢው ጎመንና ጤና አዳም የሚታይበት፣ በማለዳ ዶማ ይዞ የሚገኝ ሹም ግን ብዙ ሳይናገር ብዙ ያስተምራል።

እንግዲህ በሚመጣው ጊዜ ወረዳችሁን ስትጐበኙ፣ ስለ መንገዱና ስለ አዝመራው እንደምትጠይቁ ሁሉ፣ በየቤቱ ኋላ ዞራችሁ ጓሮውን ተመልከቱ። አረንጓዴ ከሆነ ባለቤቱን አመስግኑት፤ ደረቅ ከሆነ የጐደለው ውኃ፣ ዘር ወይም ቦታ መሆኑን ጠይቁ፤ የጐደለውንም በመዝገባችሁ ጽፋችሁ ሳትዘገዩ እንዲሟላ አድርጉ።